የኦቦ ኤጄታ ጠያቂዎች

የጊንጪው እህል ነጋዴ ኦቦ ኤጄታ የሐሞት ጠጠር ተገኝቶባቸው አዲስ አበባ ሲሄዱ ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ልጃቸው ለንሳ ቅዳሜ አምቦ ላይ ስትመረቅ ማየት። ከዘራቸው ከእሷ በፊት ዩኒቨርሲቲ የረገጠ የለም። ሐኪሙም፣ "ሆድዎን ሰፋ አድርጌ ብከፍት ምርቃቱ ያመልጥዎታል፤ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቼ ብሠራው ግን ቶሎ ይነሳሉ" አላቸው። አልዋሸም። በካሜራው ተሠርተው በማግስቱ ተራመዱ፣ ሐሙስ ቤታቸው ገቡ።

ጥፋታቸው በእግራቸው መግባታቸው ነው። እኛ ጊንጪዎች በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ በሽተኛ እንፈልጋለን፤ የሚያቃስት፣ ተደግፎ የሚቀመጥ። ኦቦ ኤጄታ ግን በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ቁስል ብለው ያሳዩንም አራት ትንንሽ ፕላስተር ነው። ሰው ቅር አለው።

"በዚህ ቀዳዳ ሐሞት አይወጣም" አሉ ጎረቤታቸው አቶ ገብረአማኑኤል። እሳቸው በድሮው መንገድ ተቀደው ሁለት ወር ስለተኙ የቀዶ ጥገና ሊቅ ሆነውብናል፤ ከደረት እስከ እምብርት የወረደ ጠባሳቸውን ያላየ የከተማው ሰው የለም። "ወይ አልታመሙም፣ ወይ ተታለዋል።"

ወሬው ገበያ ሳይደርስ ባለቤታቸው አዴ ወርቅቱ አልጋ አነጠፉ።

"ተኛ። ሰው ምን ይላል?"

"ዶክተሩ ተራመድ ነው ያለኝ።"

"ዶክተሩ ጎረቤቴ አይደለም።"

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ኤጄታ ሱፋቸውን ለብሰው ወደ አምቦ ሊወጡ ሲሉ የጠያቂ ድምፅ ተሰማ። ከነሱፋቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ገቡ።

"አካም ቡልታን፣ ኦቦ ኤጄታ?"

"እህህ" አሉ። ጠያቂው ደስ አለው።

አንዱ ሲነሳ ሁለት ይገባል። አቶ ገብረአማኑኤልማ ራስጌ ተቀምጠው ስለ ጠባሳቸው ያወራሉ። ኦቦ ኤጄታን በሱፋቸው ሙቀት ላብ ሲያጠምቃቸው ትኩሳት ነው ተባለና ጋቢ ተደረበላቸው። የአምቦ ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን እየነፉ በደጃቸው አለፉ። እንግዳ ጥሎ መውጣት ነውር ነው፤ ድኖ መገኘት ደግሞ የባሰ ነውር።

ከሰዓት በኋላ ለንሳ ከነጋዋኗ ገባች። ስሟ ሲጠራ አባቷን በሕዝቡ መሀል ስትፈልግ እንደነበር ፊቷ ይናገራል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"አባ፣ በጣም ያምሃል?"

ኦቦ ኤጄታ ጋዋኗን አዩ።

"አዎ" አሉ፤ እንባቸው ወረደ።

አቶ ገብረአማኑኤል ወደ እኛ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አሁን ገና" አሉ፣ "ቀዶ ጥገና የተደረገ ሰው መሰሉ።"