የአሥራ ስድስት ነጥብ ፈረስ

ስማቸው የሚባለው ሰው ኮምፒውተር የሚያውቀው ከነጠረጴዛው ነው፤ ጠረጴዛው ከሰፋ ዕውቀቱም የሰፋ ይመስለዋል። እንጅባራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመና፣ በ2008 ዓ.ም. ለጥር ጉግስ የሚመጡ ፈረሰኞችን የሚመዘግብ ፕሮግራም አሠራ። ኮምፒውተሮቹ ላይ ሊኑክስ የሚባል ማስነሻ ሥርዓት ይጫን፣ በነፃ ይገኛል ሲሉት "ነፃ ከሆነ ይሁን" አለ። ስለ ሥራው የተናገረው ቁም ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ፕሮግራሙን የሠራችው ሶስና አዝመራው ናት። እሷን የጨነቃት ግን አይከኑ፣ ስክሪን ላይ ፕሮግራሙን የሚወክለው ምልክት ነበር፤ ለአይከኑ የተሣለው የአባቷ ዳማ ፈረስ ነውና። አቶ አዝመራው ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ምን እንደምትሠራ ገብቷቸው አያውቅም። ፎቶ ልታነሳ ስትመጣ ግን ፈረሱን አጥበው፣ በበዓል ዕቃው ሸልመው፣ ካፊያ እየወረደባቸው ይዘውላት ቆመዋል። ፕሮግራሙ በሚመረቅበት ቀን መጥተው ሥራዋን እንዲያዩላት ከምንም በላይ ትፈልግ ነበር።

አይከን አንድ ስዕል አይደለም። አንዱ ፋይል በሆዱ ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ እንደ ቦታው ስፋት የሚስማማውን ያወጣል። ትልቁ ላይ ፈረስና ፈረሰኛው ያምራሉ። ትንሹ ግን አሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ያው ስዕል እዚያ ሲጨመቅ የዝንብ ኩስ ይመስላል። ስለዚህ ሶስና ለትንሹ የፈረሱን ራስ ብቻ ለይታ ነጥብ በነጥብ ሣለች።

"ራስ ብቻ?" አለ ስማቸው። "ፈረስ አርደን ነው የምናቀርበው?"

"ትንሹ ላይ ሌላው አይታይም፣ አቶ ስማቸው።"

"ኮሚቴ ይየው።"

ኮሚቴው አየው። አይከኑን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ፣ ጋሻ ይጨመር፣ ጦር ይጨመር፣ ዘንገና ሐይቅም ከበስተኋላ ይግባ ብሎ ማህተም መታበት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! በወረቀት የሚጸድቅ አይከን የት አገር አለ? ማህተሙ ራሱ ከትንሹ አይከን ስንት እጥፍ ይበልጣል።

ሶስና ትልቁን እንዳሉት ሠራች። ትንሹ ጋ ስትደርስ ግን ንቀቷ ገነፈለ። ለአህያ ማር አይጥማትም አለችና የፈረሱን ራስ ደመሰሰች፤ በቦታው ጆሮዋ የረዘመ አህያ ሣለች። ስማቸው ፋይሉን የሚያይበት ፕሮግራም የሚያወጣው ትልቁን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያሉትንም ገልጦ ማየት ይቻላል ብለው ቢነግሩት እንኳ አይሰማም። እንግዲህ በየቀኑ ከስክሪኑ ጥግ የጤፍ ቅንጣት ከምታህል አህያ ጋር ይዋል! እየሳቀች ወደ ቤቷ ሄደች።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ሞላ። አቶ አዝመራው ፈረሳቸውን ደጅ አስረው፣ ከጉግስ ጓደኞቻቸው ጋር ፊት ተቀመጡ። ትልቁ ፈረስ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲወጣ እልልታው ቀለጠ፤ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እዚህ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? ስማቸው ግን "ራሴ ልክፈተው" ብሎ ፕሮግራሙን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ ከተከፈተው የፕሮግራሙ መስኮት ጥግ አህያዋ ብቅ አለች። ዐዋቂ ነኝ ባይዋ ሶስና ፕሮጀክተር ያገኘውን ሁሉ እንደሚያሳብጥ ረስታለች፤ የጤፍ ቅንጣት ያለቻት አህያ ግድግዳው ላይ የሰው ራስ ታህላለች።

ስማቸው በእንጨት ጠቆማት። "ይኸው፣ ፈረሳችን እዚህም አለ!" አለና አስጨበጨበ። ለሶስናም ምስጋና ጨመረላት።

የአቶ አዝመራው ጓደኞች አላጨበጨቡም። አንደኛው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ። ፈረስን ከፈረስ በጆሮው የሚለዩ ሰዎች ናቸው፤ አህያ አይጠፋቸውም።

አባቷ ተነስተው ወጡ። ሶስና ደጅ ስትደርስባቸው የፈረሱን ገመድ ይፈታሉ።

"አባየ፣ እርስዎን አይደለም። እሱን ልሰድብ ብየ ነው።"

"እሱማ ፈረስ ነው ብሎ አጨበጨበ" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። "አህያዋን ያየን እኛ ነን።"

ፈረሱ ላይ አልወጡም። በበዓል ዕቃው እንደተሸለመ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ እየሳቡት በእግራቸው ሄዱ።