ዝንጅብላ በሰከንድ ስንት ሊትር ናት?

1.

ዋሸን።

2.

ጓንጉል እባላለሁ፤ የሰቀላ በር ቀበሌ ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስይዝ እንደ ቁጥር አንድ ያለ አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም። ለካ ደስ ይላል!

3.

ከወረዳ የመጣ ቅጽ፦

የፕሮጀክቱ ዓይነት፦ በወንዝ ውሃ መብራት የምታመነጭ ትንሽ ተርባይን
የወንዙ ስም፦ ዝንጅብላ
መጀመሪያ መብራት የሚገባለት፦ የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል
በበጋ የሚወርደው ውሃ፦ በሰከንድ 48 ሊትር

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በልልኝ፣ አንባቢዬ። ውሸቷ እሷ ናት።

4.

እንግዳ ሲመጣብህ ቤትህን ትጠርጋለህ። ልብስህን ትቀይራለህ። ወንዝህን ሊያይ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ወንዝህን ትሞላለህ።

ክፋት አልነበረበትም። የወረዳው ኢንጂነር ናሆም ሊለካ የመጣ ዕለት፣ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባታችን አያ ቢተው «እንግዳ ፊት የደረቀ ወንዝ አናቀርብም» አሉ። አሥራ አንዳችንም ባለ ቦዮች ቦያችንን በጭቃ ደፈንን። ዝንጅብላ በየካቲት እንደ ነሐሴ አገሳች። ናሆም «ጉድ እኮ ነው!» እያለ ጻፈ፤ እኛም ኮራን።

በማግሥቱ ቦዮቹ ተከፈቱ። ዝንጅብላንም ዶሮ ተሻገራት።

5.

ንግግር፣ እንደ ወረደ፦

ሲስተር ውዴነሽ (አዋላጃችን)፦ ዋሽታችኋል።
እኔ፦ ማን አለ?
ሲስተር፦ ወንዟ። ዛሬ ስሻገራት ጫማዬ እንኳን አልራሰም።
እኔ፦ መስተንግዶ ነው እንጂ ውሸት…
ሲስተር፦ ስማ ጓንጉል፣ ያንተን ልጅ ያዋለድኩት የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ ነው። ምራቄ ሁሉ ጠብ ብሎበታል።
እኔ፦ ለካ ለዚህ ነው እንዲህ የሚለፈልፈው!

(ሳቀች። ግን ቶሎ ተወችው።)

ሲስተር፦ ተርባይኗ ለአርባ ስምንት ሊትር ተሠርታ በበጋ ብትቆም ወረዳው ተመልሶ አይመጣም። የኔም ጥርስ አለቀ እኮ!

6.

ልኬቱን ላርም ተቀመጥኩ። ቦዮቹ ተከፍተው ስንለካት ዝንጅብላ 14 ሊትር ናት። ከቅጹ ግርጌ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ከ30 ሊትር በታች ከሆነ ጥናቱ ይቆማል» ይላል።

አፈርኩ።

ፈራሁም።

7.

ስብሰባ ተጠራ። ሁሉንም አነበብኩላቸው፤ ቁጥር አንድንም ጭምር። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አያ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ላንድ ቀን እንግዳ ቦያችንን ደፍነናል አይደለም? ማዋለጃ ክፍል የሚመጣውስ እንግዳ አይደለም እንዴ? ቀን ቀን እናጠጣ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስኪነጋ ውሃው የእሱ ይሁን።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ውሸታችን እኮ የማታ የማታ እውነት ልትሆን ነው!

8.

አሥሩ ባለ ቦዮች ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉትም አሻራቸውን አደረጉ።

አሥራ አንደኛው ቦይ ከሁሉም በላይ ነው፣ ከሁሉም ይሰፋል። ለምን እንደሰፋ አትጠይቀኝ፤ ባለቤቱ ጸሐፊ ነው።

እውነቱን ነግረነው ናሆም በስልክ አሰላልን። አሥሩ ተደፍነው አሥራ አንደኛው ማታ ክፍት ከሆነ፦ 28 ሊትር።

9.

ነጭ ሽንኩርቴን ብታየው! እንደ ዘንድሮው ያማረ አብቅዬ አላውቅም። መሬቱ አሸዋ ነው፤ ማታ ካልጠጣ ግማሹ ይደርቃል። ይህንን ለስብሰባው አልተናገርኩም። ለአንተ ብቻ ነው።

10.

ሲስተር ውዴነሽ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣች። የእስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ነቅላ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ክዳኑን ከአፏ አላወጣችም፤ እንደያዘችው ቆማ ታየኛለች።

11.

የባለ ቦይ ስም፦ ጓንጉል

ቦዩን ማታ ማታ ለመድፈን ተስማምቻለሁ፦

ፊርማ፦ ………………………