አቤት አይባልም

ኑኃሚን እናቷን ኮንክሪት መፈተሻው ላብራቶሪ ይዛ በመምጣቷ የተጸጸተችው ገና ከበሩ ሳትገባ ነው። የአዳማ የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል፤ እናቷ በላይነሽ ግን ነጠላዋን ተከናንባ፣ «የታለ ቤቴ?» እያለች ገባች።

ቤቷማ ፈርሷል። ባሏ ወልደአማኑኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገዛ እጁ የሠራው ቤት መንገዱ ሲሰፋ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በላይነሽ ልጇ ዘንድ ተጠግታ እህል አልበላ ብሏት በቁሟ እያለቀች ነው። አዲስ ቤት ልሥራልሽ ስትባል «የወልዴ ቤት ካልሆነ አልገባም» ብላ ድርቅ! ኑኃሚን የኮንክሪት መሐንዲስ አይደለች? ፍርስራሹን አስፈጭታ በጠጠር ምትክ አቦካችው። እንዲህ ያለው ጠጠር አሮጌ ሲሚንቶ ስለተጣበቀበት ውሃ አይጠግብም፤ ቀድሞ ካልራሰ ኮንክሪቱን ያደክመዋል። እሷ ግን በደንብ አርሳዋለች። ዛሬ ከዚያው የተሠራው ናሙና፣ ኪዩቡ፣ ማሽን ውስጥ ገብቶ ይጨፈለቃል። ሃያ አምስት ሜጋፓስካል ጫና ከቻለ ቤቱ ይሠራል፤ ካልቻለ እናቷን ምን ብላ ታጽናናት?

«አካም ጅርቱ እማማ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ፤ ሲሰበር ይፈናጠራል» አለ የማሽኑ ሠራተኛ ፈይሳ፤ ማሽኑንም አስነሳው።

ኪዩቡ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ይሄ ያለ ነው፤ ኮንክሪት ሲጨነቅ ያጉረመርማል። የማሽኑ ቁጥር ሃያ ሲደርስ ግን ከብረቱ መሃል የወንድ ድምፅ መጣ።

«በላዬ!»

ፈይሳ ወደ በሩ ዞረ። «ማነው?» ብሎ ሊያይ ወጣ።

ኑኃሚን ክው አለች። አባቷ ከሥራ ሲመለስ ከግቢው በር ላይ እንዲሁ ነበር የሚጣራው፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጎ። በልጅነቷ እናቷ «የማይታይ ሰው ከጠራሽ አቤት እንዳትዪ፤ ይወስድሻል» እያለች ታስፈራራት ነበር። ተምራ ስትመጣ ስቃባታለች። አሁን ያ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ።

«እማዬ፣ ዝም በይ! በሞቴ፣ እንዳትመልሺ!»

ቁጥሩ ሠላሳን አለፈ።

«በላዬ!»

በላይነሽ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፤ ባል እንደሚጠብቅ ሰው ጸጉሯን ዳበስ ዳበስ አደረገች። ኑኃሚን አፏን ልትይዝ ተወረወረች። አልደረሰችም።

«አቤት ወልዴ! መጣሁ!»

ኪዩቡ ዷ ብሎ ተሰበረ።

ፈይሳ ተመልሶ ገባ። «ውጪ ማንም የለም» አለና ቁጥሩን አየ። «ኧረ ጉድ! ሠላሳ አራት! አለፈ እኮ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!»

ኑኃሚን የእናቷን እጅ ይዛ ተንሰቅስቃ ታለቅሳለች። በዚያ ሙቀት እጁ በረዶ ሆኗል። በላይነሽ ግን ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ ያልታየባት ፈገግታ ፊቷን ሞልቶታል።

«ምን ያስለቅስሻል ልጄ?» አለቻት። «ቤቱን አንቺ ግቢበት።»