ባሕር ያየው ባሕሩ

ባሕር በሌለባት ቡታጅራ በባሕር ስም እንደ አባቴ የተኩራራ ሰው የለም። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ በአያቱ ስም ነው የሚጠራው፦ ፍቅሩ ባሕሩ። አያቱ ለንግድ ምጽዋ ድረስ ዘልቆ ባሕሩን በዓይኑ ያየ የመስቃን ሰው ስለነበር ነው አሉ ስሙ የወጣለት። አባቴ የብየዳ ቤቱ በር ላይ ሳይቀር መርከብ አስሏል። አሰብ የተዘጋብን ሰሞን እንኳ «አገር ባሕር ቢያጣ የፍቅሩ ቤት አላጣም» እያለ ጎረቤት ያስቅ ነበር።

ይኸው ስም ሠርጌን ሊያፈርስብኝ ነበር።

የእጮኛዬ የአቤኔዘር ሽማግሌዎች ከወልቂጤ መጥተው፣ ዝምድና እንዳይኖር እንደ ደንቡ ትውልድ ሲቆጠር፣ የሱም ቅድመ አያት ባሕሩ ሆኖ ቁጭ! እሱም የመስቃን ሰው፣ እሱም የምጽዋ ነጋዴ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አቶ ሸዋንግዛው «ነጋዴ በየገበያው ጎጆ አለው» አሉ። «አንድ ሰው ከሆነ ልጆቹ ሥጋ ዘመድ ናቸው። አጣሩ፤ እሑድ እንመለሳለን።»

እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ የማለቅስ ሴት አይደለሁም። በማግስቱ ከኛው ባሕሩ ልጆች ብቻቸውን በሕይወት የቀሩት እማማ ፀሐይ ዘንድ ቡኢ ሄድኩ። እግራቸው ከቤት አያወጣቸውም፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም።

«ሁለት ሰዎች ናቸው እንጂ» አሉኝ እየሳቁ። «የአባቴ ስም ዘበርጋ ነው። ሁለቱ ለንግድ አብረው ሲወጡ አባቴን ደሴ ላይ ንዳድ ጣለው። ምጽዋ የደረሰው የእጮኛሽ ቅድመ አያት ነው። ሲመለስ ያየውን ሁሉ መንገድ ለመንገድ አጫወተው። አገር ሲገቡ ግን አባቴ በወሬ በለጠው! ገበያው ሁለቱንም ባሕሩ አላቸው። አባቴ ባሕር ቀርቶ አዋሽ ሲሞላ አይቶ የሸሸ ሰው ነው።»

በደስታ ላብድ ምንም አልቀረኝም። ሚኒባሱ ቡታጅራ እስኪደርስ የቆመ መሰለኝ። አባቴ ግን ሰምቶኝ ፊቱ ጠቆረ።

«ይኼ ወሬ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።»

«ሠርጌስ አባዬ?»

ተነሥቶ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ቆሜያለሁ። ሙሽራ በሽማግሌ ፊት አፏን አትከፍትም፤ ነገሩ የአባቴ ብቻ ነበር። አቶ ሸዋንግዛው ጠየቁት። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ እንደገና ጠራረገ።

«የኔ አያት ዘበርጋ ነው» አለ በመጨረሻ። «ባሕር አላየም። ያየው የናንተው ነው።»

ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም። እኔ አልኩ።