የስድስት ሰዓት ዝምታ

ባሕር ማዶ አንዱ ኩባንያ ሌላውን ገዛ ቢባል ላሊበላ ውስጥ ማን ጉዳዬ ይላል? ፋና ግን ወሬውን ስልኳ ላይ ስታነብ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። የተሸጠችው ትንሽ ኩባንያ ፋና ለምትሠራበት ቢሮ የጥቁር ውሃን ልኬት የምታቀብል ነበረች።

ጥቁር ውሃ ከሙጃ በላይ ካለው ተራራ ተነስቶ በገደል መካከል የሚወርድ ወንዝ ነው። ራስጌው ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተተክሏል። መሣሪያው የለካውን በስልክ መስመር ሳያቋርጥ ይልካል። ኩባንያዋ ተቀብላ ታቀብላለች፣ የፋና ፕሮግራም ያሰላል፣ ውሃው ካበጠ ግርጌ መሻገሪያው ላይ ያለ ስልክ ይጮኻል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቢሮው ሥራ ይኸው ነው። መካከሉ ከተበላሸ ራስጌና ግርጌ አይተዋወቁም።

መሻገሪያው ላይ ያለውን ስልክ የያዙት ጋሽ አረጋ ናቸው፤ የእናቷ ታላቅ ወንድም። ገበያተኛና ከብት ሲያሻግሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ድሮ ወደ ውሃው ከመግባታቸው በፊት ቁጭ ይሉ ነበር። አረፋውን ያያሉ፣ ነፋሱን ያሸታሉ፣ ድንጋዩ ላይ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ገበያተኛው እያጉረመረመ ይጠብቃቸዋል። ፋና ስልኩን ያመጣችላቸው ቀን ሳቀችባቸው።

«ጋሼ፣ ወንዝ እንደ ወጥ ይሸተታል እንዴ?»

«ይሸተታል እንጂ! ደጋ የዘነበ ለት አፈር አፈር ይላል።»

«አፈር አፈር እስኪል ደርሶ ይወስድዎታል። ይኸ ከጮኸ አይግቡ። ካልጮኸ ውሃ የለም፣ ይግቡ። ዝም የሚለው ደግሞ ጎንና ጎን ያሉትን ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ይዘው ሲቆዩ ነው። ማንም እየነካካ እንዳያጠፋው ብዬ ነው።»

«አንች ልጅ፣ ከኔ አፍንጫ ይኸን ታምኛለሽ?»

«ከርስዎ አፍንጫማ የበቅሎዎም ይሻላል!»

ጋሽ አረጋ እስኪያስላቸው ሳቁ። ባለፈው ክረምት ስልኩ በጮኸ ቁጥር ውሃው መጣ። ከዚያ ወዲያ ማሽተቱን ተዉት። ራስጌ መሣሪያውን የሚጠብቀው ሀሰንም «ውሃ ለቀቀባችሁ» ብሎ መደወሉን ተወ፤ ማሽን እያለ ለምን ካርድ ይጨርሳል?

ኩባንያዋ ስትሸጥ የገዛት ትልቁ ድርጅት የእሷን አገልግሎት እንደሚዘጋና ደንበኞቿን ወደ ራሱ እንደሚያዛውር አስታወቀ። የቢሮው ኃላፊ አቶ ምስጋኑ ስብሰባ ጠሩ። ከአዲስ አበባም ደሳለ የሚባል ባለሙያ መጣ።

«ገዢው ከመቀበል እስከ ማስላት ሁሉንም ራሱ ይሠራልናል» አለ ደሳለ። «እኛ ምንም አንነካም።»

«ምንም ስለማንነካ እኮ ነው የምፈራ» አለች ፋና። «ዛሬ እሷን ገዟት። ነገ እነሱን ሌላ ይገዛቸዋል። እኛ እንደ ገበያ በግ ከእጅ ወደ እጅ! ይኸን ሁሉ የሚሠራ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ጭኛለሁ። ውስጡ ለሁሉም የተገለጠ ነው። ማንም ገዝቶ አይዘጋውም፣ ሲበላሽ ከፍተን እናየዋለን።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«እኔ።»

ደሳለ ፈገግ አለ። ፋና የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጠችም። ኔትወርክ በጠፋባቸው ዓመታት፣ አባቷ ዳዊት እንደሚደግሙ፣ ቀድማ ያወረደቻቸውን መጻሕፍት እየደገመች ነው የተማረችው።

«አንቺ ብትታመሚስ?»

«አንተ ላለመታመም ፈርመህ ነው የመጣኸው?»

ቤቱ ሳቀ። አቶ ምስጋኑ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ የሁሉም የሆነ ነገር ባለቤት የለውም። ሲበላሽ ማንን እንከሳለን?»

«ውሃ የወሰደው ሰው በክስ አይመለስም፣ ጋሽ ምስጋኑ።»

ከገዢው ጋር ተፈራረሙ። ፋናም ከኮምፒውተሯ ማስጠንቀቂያ መላኩን እንድታቆም ታዘዘች። መላኩን አቆመች። ኮምፒውተሩን ግን አልዘጋችውም፤ ልኬቱ ለእሱም መድረሱን ቀጠለ።

ርክክቡ ላይ ደሳለ ላፕቶፑን ሊከድን ሲል ጠየቃት። «የቀረ ነገር አለ?»

አለ። አምና ሀሰን «ይኸ ማሽናችሁ አብዷል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ይለኛል» ብሎ ቢያማርራት የመሣሪያውን ሰዓት በሀገር ሰዓት አድርጋለት ነበር፣ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ። የጎደለውን የራሷ ፕሮግራም በአንዲት መስመር ይሞላዋል። አዲሱ አገልግሎት ይህን አያውቅም። አሁን የተለካውን ውሃ የስድስት ሰዓት አሮጌ ነው ብሎ ይጥለዋል። ላለፈ ውሃ ስልክ አያስጮኽም።

አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ደሳለ ግን ቀና ሳይል፣ «መቼስ የሰፈር ሥራ ነው፣ ብዙም አይኖረውም» አለ።

«ሁሉም ፕሮግራሜ ውስጥ ተጽፏል» አለች ፋና። «ማንበብ የተማርህ ከሆነ።»

ለራሷ እንዲህ አለች፦ ገና ግንቦት ነው፣ ክረምቱ ሩቅ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር አልገባ ይለዋል፣ ይደውላል፣ «ፋና፣ እባክሽ» ይላል። እስኪል እጠብቃለሁ። ዝም አይነቅዝም።

ደሳለ ከራሱ ላፕቶፕ የሙከራ ልኬት ላከ። የላፕቶፑ ሰዓት ልክ ነውና የጋሽ አረጋ ስልክ ጮኸ፣ ተጨበጨበ። የቢሮው ስክሪን ላይ «ተገናኝቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት በራ። እንደበራም ሰነበተ። ደሳለ አልደወለም።

ዝናቡ ክረምትን አልጠበቀም።

የሆነውን ለፋና የነገረቻት አሰለች ናት፣ ቅዳሜ ከላሊበላ ገበያ ስትመለስ መጨረሻ የተሻገረችው ሴት። «እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር» አለች። «ወደ ሙጃ ብቻ ጠቁሯል። ጋሽ አረጋ ቆም አሉና አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ‹ምነው?› አልኋቸው። ‹አፈር አፈር አለኝ› አሉ። ከዚያ ስልኩን አውጥተው አዩት። ‹አይ፣ አልጮኸም፤ እኔ ነኝ ያረጀሁ› አሉና በፌስታል ጠቅልለው ድንጋይ ሥር አኖሩት። ውሃው መሐል ሳለን ጎርፉ ደረሰ፤ እኔን ገፍትረው አወጡኝ። ዘወር ብል እሳቸውም የሉ፣ በቅሎዋም የለች።»

ሬሳው ታች አሸዋው ላይ ተገኝቶ ተቀበረ። ለቀብር የመጣው ሁሉ የደጋውም የቆላውም ፋናን በጣቱ እያሳየ አንድ ቃል ይል ነበር፦ «ይቺ ልጅ ብላ ነበር። የሰማት የለም እንጂ ብላ ነበር።» ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው። ሲደርሳት ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀና ሲል ተሰማት። በአጎቷ መቃብር አፋፍ ላይ ቀና የሚል ነገር! ያን ጊዜ ራሷን ተጸየፈች። የሰዓቱን ነገር ግን አልተናገረችም።

በሳምንቱ አቶ ምስጋኑ ቢሮ አስጠሯት። ደሳለም መጥቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልኬቱ ደርሷቸዋል» አለ። «ደርሷቸው ጥለውታል። ለምን እንደጣሉት ውስጡን ማየት አንችልም። ጻፍሁላቸው፣ ‹ጥያቄዎ ደርሶናል› ነው የሚሉኝ።»

አቶ ምስጋኑ ወደ ፋና ዞሩ። «ልጄ፣ ያንችኛው ቢሆን ኖሮ ይጮኽ ነበር?»

ይህን ጥያቄ መመለስ ብቻ በቂ ነበር። ፋና ግን ማሳየት ወደደች። የእሷ ፕሮግራም የተቀበለውን አይጥልም፤ ሲያዙት ያለፈውን ቀን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀምሮ መልሶ ያፈሰዋል። ያን ቅዳሜም ሁሉንም ያውቅ ነበር፣ አፉ ታስሮ ነው እንጂ። የታሰረውን መላኪያ ፈታች፣ ቅዳሜን ከጠዋቱ አስነሳችና አፈሰሰችው። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ተኛ፣ ተኛ፣ ከዚያ ድንገት እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ቆመ። «ማስጠንቀቂያ ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ይኸውላችሁ!» አሉ አቶ ምስጋኑ ጠረጴዛውን እየመቱ። «ይኸውላችሁ! ጋሽ አረጋ ገና ውሃው ዳር ሳይደርሱ!»

ፋና ጽሑፉን እያየች ደረቀች። ተልኳል። ለማን?

ስልኳ ጠራ። የአሰለች ቁጥር ነው፣ ድምፁ ግን የእትዬ ጥሩሰው፣ የጋሽ አረጋ ባለቤት። ከኋላቸው፣ ድንጋይ ሥር ተገኝቶ ቤታቸው ከገባው የጋሽ አረጋ ስልክ፣ ያ እሷ መርጣ የጫነችው የሚሰነጥቅ ጩኸት ይሰማል፤ ከጩኸቱ ሥር ደግሞ የሰው ግርግር።

«ፋና! ስልኩ ጮኸ እኮ! ለቅሶኛው ሕፃን እያዘለ ወደ ዳገቱ እየሮጠ ነው። ውሃ ነው? ሰማዩ እንኳ ብራ ነው። ደሞ ማንን ሊወስድ ነው?»

«ውሃ የለም፣ እትዬ። ይመለሱ በሏቸው። የቅዳሜው ነው።»

«የቅዳሜው?» ሴትዮዋ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የቅዳሜው ዛሬ ይጮኻል እንዴ?»

አቶ ምስጋኑና ደሳለ ያዩዋታል። ደሳለ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ አምኖ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ዝም ብትል እስከ ዕድሜው ልክ አምኖት ይኖራል።

«እትዬ፣ ስልኩ ቅዳሜ ያልጮኸው በኔ ነው» አለች። «የራስጌው ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑን አውቅ ነበር። ይኸ ሰው ጠይቆኝ ነበር። እስኪለምነኝ ብዬ ዝም አልሁ።»

ደሳለ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። አቶ ምስጋኑ ስክሪኑን ትተው መስኮቱን ያዩ ጀመር። በስልኩ ውስጥ ግን ጩኸቱ ብቻ ነበር፣ ያለ ፋታ። እትዬ ጥሩሰው አላለቀሱም፣ አልረገሟትም።

«እንዴት ነው የሚጠፋው?» አሉ በመጨረሻ። «አረጋ ነበር የሚያውቅበት።»

ፋና ጎንና ጎን ስላሉት ቁልፎች ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ስልኩ ይጮኻል።