ጥቁሩ ጊታር

ታረቀኝ ያን ነገር ከማኅደሩ ሲያወጣው የታየኝ ጥላሸት የጠጣ የድስት ቂጥ ነው። ታረቀኝ የመዘምራን ቡድናችን መሪ ነው፤ ጊታሩን ከውጭ የመጣ ወንድም ለቤተ ክርስቲያናችን ሰጥቶ ሄዷል።

«ካርቦን ፋይበር ይሉታል። ዝናብ አያበላሸው፣ ፀሐይ አያጣምመው!» አለ።

እኔ ከደርግ ውድቀት ጀምሮ ዲላ ላይ ጊታር የምመታ ሰው ነኝ። ተቀብዬ ቀዳዳውን አሸተትኩት። የእንጨት ጊታር የራሱ ጠረን አለው፤ ይሄ አዲስ ጀሪካን ሸተተኝ። መለስኩለትና እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ።

«ምነው ወንድም ግዛቸው፣ ቆሻሻ ነካህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ቆሻሻ ይሻላል» አልኩት። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል።

እንጨት ይተነፍሳል። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፤ ካልተጠነቀቁለት ይሞታል። እኔ የኔን ጊታር በክረምት የማስተኛው ደረቅ ጀንፈል ቡና በተደረደረበት ክፍል፣ በጆንያዎቹ መሃል ነው። ቡናው እርጥበቱን ይጠጣለታል። ለዚህ ብዬ ገበያው ሲደራ ቡናውን ሳልሸጥ የቀረሁበት ዓመት አለ፤ ባለቤቴ የትምወርቅ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ይሄ ጥቁር ጉድ ግን ማንንም አይፈልግም። የማይፈልግህን ነገር እንዴት አቅፈህ ትዘምራለህ? ያንገሸግሻል!

ያን ሰሞን ልጄ ኤልቤቴል ዲላ አጠገብ ጪጩ በሚደረገው ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታር እንድትመታ ተመርጣ ነበር። የኔን ጊታር ላስረክባት ቆርጬ ነበር። ሌላ ወራሽ የለኝም። አዲስ ክር አስሬ፣ ወልውዬ፣ እሷ ከመዘምራኑ ጋር ቀድማ ስለሄደች እኔ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተከተልኳት።

ስደርስ ዝናቡ ድንኳኑን አልፎ መድረኩ ላይ ይወርዳል። ልጄ ጥቁሩን አንግታ ቆማለች። ውኃው በጊታሩ ሆድ ላይ ሲንኮለኮል በክንዷ ጠረግ አድርጋ ትቀጥላለች። ድምፁ ቆርቆሮ ቢሆን እፎይ ባልኩ ነበር። ጥርት ያለ ነው፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አስጠላኝ። መዝሙሩ ሲያልቅ የመንደሩ ልጆች ከበቧት፤ በጭቃ እጃቸው ክሩን እንዲነኩ ፈቀደችላቸው። ዘገነነኝ።

ከድንኳኑ ጀርባ ጠራኋት።

«ያባትሽን ጊታር ንቀሽ ይሄን ጀሪካን?»

«አልናቅኩም አባዬ። ያንተን እፈራዋለሁ።»

«ጊታር ምኑ ይፈራል?»

ቀስ ብላ፣ «ከትምህርት ቤት በዝናብ በስብሼ ስገባ መጀመሪያ የምትለኝ ‹ጊታሩ አጠገብ እንዳትደርሺ› ነበር። አንድ ቀን እንኳ ‹በረደሽ ወይ?› ብለኸኝ አታውቅም» አለችኝ።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ፀጉሯ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ያኔም ምላሴ ላይ የመጣልኝ ስለ ጊታሩ ነበር። ዋጥኩትና፣

«በረደሽ ወይ?» አልኳት።

«ለምጄዋለሁ» ብላ ወደ መዘምራኑ ተመለሰች።