የአራቱ ልጆች ሽሮፕ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አግዳሚው ይበቃችኋል። በሩ ጋ ያለሽውም ግቢ፣ ብርድ ነው። ስለ አንድ መድኃኒት ሻጭ ላጫውታችሁ ነው።

ሻጭ ስላችሁ ሱቅ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። አንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ቀጥሮት በየከተማው እየዞረ፣ ለሐኪሙም ለመድኃኒት ቤቱም "ይህን እዘዙ፣ ይህ ይሻላል" የሚል ነው። ይስማው ይባላል፤ እዚሁ ዋግ ውስጥ የጋዝጊብላ ልጅ። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ከወልድያ በአውቶቡስ ሰቆጣ በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ነበር የሚያርፍ። የማከራያት አንዲት ክፍል ነበረችኝ።

ጥቁር ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ከረባቱን አስሮ ሲወጣ መንገደኛው ዞር ብሎ ያየው ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ዓሊዬ ደግሞ ቀልድ አያልፈውም።

"ዛሬ ደግሞ በዚያች ገመድ ማን ጎትቶ አመጣህ?" ይለዋል።

"የቀጠረኝ ነዋ ጋሼ! ከፈታኋት ያባርረኛል።"

የዚያን ዓመት ያመጣው ለሕጻናት የሳንባ ምች የሚሆን ሽሮፕ ነበር። ሙዝ ሙዝ ይላል። "ልጅ የሚሸሸው መድኃኒት አይደለም" አለው ዓሊዬን፤ "እናት ማንኪያ ስታነሳ ልጁ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል።" ዓሊዬ በጣቱ ቀምሶ ሳቀና ብዙ አዘዘ። የጥቅምት ብርድ ሲገባ ገበያው ደራለት።

በኅዳር ይስማው ሲመለስ ዓሊዬ አልቀለደም።

"መድኃኒትህ አይሠራም። ልጆቹ አንድ ቀን ሻል ይላቸውና መልሶ ይጥላቸዋል። እዚህ ታች ያለችው ይታየሽ ዛሬ ጠዋት ባዶውን ጠርሙስ ይዛ መጥታ ሌላ ስጠኝ አለችኝ። የወሰደችው ከትናንት በስቲያ ነው እኮ!"

ይስማው ደነገጠ። ያ ጠርሙስ ሳምንት የሚጠጣ ነው። እየሮጠ ወደኔ መጣ።

"እማማ፣ የይታየሽን ቤት ያውቁታል?"

አውቀዋለሁ። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዷል፤ እሷ ከአራት ልጆቿ ጋር ናት። አብረን ወረድን። የታመመችው ሦስተኛዋ ልጅ፣ ማስተዋል፣ መደቡ ላይ ተኝታለች። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ገባ ወጣ ይላል።

"እንዴት አድርገሽ ነው ያጠጣሻት?" አላት ይስማው ቀስ ብሎ።

"እንደነገሩኝ ነዋ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ አንዳንድ ማንኪያ።"

"ለማን?"

"ለልጆቼ።"

"ለአራቱም?"

"ታዲያ እሷን ብቻ አጠጥቼ እነዚህን ቁልጭ ቁልጭ ላሰኛቸው?" አለች ይታየሽ። "ዓይናቸው ቢያርፍባትስ? የሰው ዓይን ያረፈበት ነገር ሆድ ውስጥ ይረጋል?"

"ይጣፍጣል" አለ ትልቁ ልጅ ከጥግ።

ይስማው አልተቆጣም። ልጅቷን በጋቢዬ ጠቅልሎ አቀፋትና ዳገቱን ወደ ሆስፒታሉ ወጣ። እኔና እናቷ ከኋላ ተከተልን። ሐኪሞቹ ተሯሯጡ፤ መርፌውንም ኦክስጅኑንም ሰጧት። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግን ማስተዋል አረፈች።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አለ። ይታየሽ ከቀብሩ ወዲህ ዕንባ አልወጣትም። ይስማው ሲገባ ቀና ብላ አየችው።

"ወንድሜ፣ አንተ የመድኃኒቱ ሰው ነህ። እውነቱን ንገረኝ። ሳካፍል ነው ወይ የገደልኳት?"

እኔ በሆዴ፣ አይደለም ቢላት እነዚህ ሴቶች ነገም ያካፍላሉ፣ ነው ቢላት ደግሞ ይህች ሴት ከዚህ አትነሳም እያልኩ እጨነቃለሁ።

ይስማው መሬት ላይ ከፊቷ ቁጭ አለ።

"መድኃኒቱ የአንድ ልጅ ልክ ነው፤ ለአራት ሲሆን በሽታው ያሸንፈዋል" አላት። "እውነቱ ይህ ነው። ግን ይህን የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ። እዚህ ከተማ እየመጣሁ ስለ ጣዕሙ ሳወራ ነበር። የታመመው ልጅ ብቻውን ይጠጣ፣ ሻል ቢለውም ይጨርሰው የሚለውን አንድም ቀን አልተናገርኩም። አንቺ የእናት ሥራ ነው የሠራሽ። የኔን ጥፋት አትሸከሚው።"

ዓሊዬ ከበሩ ሆኖ፣ "እኔም አለሁበት" አለ። "ጠቅልዬ ስሰጥሽ አፌ የት ነበር?"

ያን ጊዜ ይታየሽ ጮኻ አለቀሰች። እኛም አብረን አለቀስን።

ወሬው ገበያ ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። "ሻጩ ራሱ መድኃኒቴ ገደላት አለ" ተባለ። ለጊዜው ሽሮፑን የሚገዛ ጠፋ፤ የቀጠሩትም ሰምተው ከሥራ አሰናበቱት። ይስማው ግን ቶሎ አልሄደም። በየገበያው ቀን ዓሊዬ ደጃፍ እየቆመ፣ መድኃኒት ይዛ የምትወጣን እናት ሁሉ ያነጋግር ነበር። "ለታመመው ብቻ ነው እህቴ። ዓይን ከፈራሽ ጓዳ አስገብተሽ አጠጪው። ለሌሎቹ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው።" አንዳንዷ ትሰማዋለች፤ አንዳንዷ "ነፍሰ ገዳይ" ብላው ታልፋለች። እሱ ለሁሏም "እሺ" ነው።

በዓመቱ የይታየሽ ትንሹ ልጅ በዚያው በሽታ ታመመ። ሄጄ አየኋት። ልጁን ጓዳ አስገብታ ከሽሮፑ ሰጠችው። ከዚያ ወጥታ ለሁለቱ ስኳር ውሃውን በማንኪያ ሰጠቻቸው። ያ ልጅ ድኗል፤ እሷ ግን ማንኪያ ባነሳች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

ልጆቼ፣ ነገ ወላጆች ትሆናላችሁ፤ ገሚሶቻችሁም ሐኪም ትሆኑ ይሆናል። መድኃኒት በእጃችሁ ሲገባ ማስተዋልን አስቡልኝ። አደራ፣ እናቷንም በክፉ አታንሷት።